የእትዬ ውባንቺ አረንጓዴ ሳጥን

ጂንካ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ በሰው አገር ለሚገኘው ለእኅቴ ልጅ፣ በጀርባዬ አዝዬ ላሳደግሁት ለተገኝ።

ቅዱስ ሚካኤል ከብርዱም ከክፉ ዓይንም ይጋርድህ፤ የሄድክበትን ትምህርት አስጨርሶ በሰላም ያግባህ። እኔ ጉልበቴን አልፎ አልፎ ከሚቆረጥመኝና አንተን ከመናፈቄ በቀር ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው። በመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት እንዳገኘሁ ታውቃለህ። ኸዲጃም አግኝታለች፤ ግን እሷ ስሟን ጽፋ እስክትጨርስ ሰው ምሳውን በልቶ ይመለሳል።

ወሬው እንዲህ ነው። ወፍጮው ተተከለልኝ! ያንን ሲያጨስና ሲያስል የሚውለውን የናፍጣ ሞተር ሸጬ በመብራት የሚሠራ አስመጣሁ። ከሰዓት በኋላ የከተማው መብራት ሲለቀቅ ቁልፉን ብቻ መጫን ነው። ጤፉም በቆሎውም ማሽላውም ዱቄት ሆኖ ይወርዳል። ገበያተኛው ሰልፍ ይዞ እስከ መንገዱ ይደርሳል።

የኤሌክትሪኩን ሥራ የሠራልኝ ልጅ ዶላሞ ይባላል። አሪ ነው፣ አርባ ምንጭ ከአንድ ሠራተኛ ሥር ሆኖ ሙያ ተምሮ የመጣ። የቃለ ሕይወት ልጅ ስለሆነ አይጠጣም፣ አይሳደብም። ማብሪያውና ቫልቮላው የሚቀመጥበት የብረት ሳጥን ከአዲስ አበባ የመጣው ራቁቱን፣ ዝገት ጀማምሮት ነበር። ዶላሞ ዝገቱን ፍቆ ውስጡንም ውጭውንም ሦስት ጊዜ አረንጓዴ ቀባው። ፊትህን ታይበታለህ። በላዩ ላይ «የወ/ሮ ውባንቺ ወፍጮ» ብሎ በነጭ ጻፈበት። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ እኔን የሚያክል ብረት መሬት ውስጥ ቀበረና ከእሱ ሽቦ አምጥቶ ሳጥኑ ላይ በብሎን አሰረው። «እማማ፣ ይህ የመሬት ሽቦ ነው። ኤሌክትሪክ ቢያመልጥ ሰው ሳይነካ ወደ መሬት ይወስደዋል» አለኝ። እማማ ነው የሚለኝ። ቤቱ ሩቅ ስለሆነና ዝናብም ስለበዛ በአንተ አልጋ ላይ እያደረ ነው ሥራውን የጨረሰው። አሁንም ሲመሽበት እዚያው ያድራል። ቤቱ ሰው ሰው ሸተተ።

ከመንገዱ ማዶ ያለችው ኸዲጃ ግን ሰላም አልሰጠችኝም። እሷም የናፍጣ ወፍጮዋን ጥላ በመብራት የሚሠራ ልታመጣ ነው አሉ። ከማን ተምራ? ሻሽ ባስር ሻሽ ታስራለች፤ በር ባስቀይር በር ታስቀይራለች። ደግሞ ወንድሟ ከጅዳ መኪና ተደግፎ የተነሣውን ፎቶግራፍ ልኮላት ሱቋ ውስጥ ሰቅላዋለች። አንተም ከመኪና የሚበልጥ ማሽን አጠገብ ቆመህ ተነሣና ላክልኝ። ከሷው የሚተልቅ ይሁን።

እናትህም አክስትህም የሆንኩ፣
ውባንቺ

ካርል ማርክስ ሽታት፣ ምሥራቅ ጀርመን፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለእትዬ ውባንቺ።

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን እንዴት ይዞዎታል? በረዶው እስከ መስኮቱ ቢደርስም እኔ ደህና ነኝ። የጠየቁኝን ፎቶግራፍ ልኬያለሁ። ከበስተኋላዬ ያለው ብረት የሚቆርጥ ማሽን ነው፤ ኸዲጃ ብትጠይቅዎት የጅዳው መኪና በአፉ ይገባል ይበሏት።

ወፍጮው በመተከሉ ደስ ብሎኛል። እውነቱን ለመናገር ግን ስለ ዶላሞ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። አልጋዬ ላይ ነው የሚያድረው? በየትኛው በኩል ነው የሚተኛው? በግድግዳው በኩል ከሆነ እዚያ ልብሴን የምሰቅልበት ሚስማር አለ፤ ራሱን እንዳይመታ ይጠንቀቅ። የግድግዳው ወገን የእኔ እንደነበረ እርስዎም አይረሱትም። እኔ በልጅነቴም ከእትዬ አልፌ እማማ ብዬ ጠርቼዎት አላውቅም። ከየት አመጣው?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። እኔ እዚህ የምሠራበት ክፍል የብረት ሳጥን የሚገጣጠምበት ነው። ልክ እንደ እርስዎ ያለ፣ ቀለም የተቀባ ሳጥን። ጠዋት ገብቼ ማታ እስክወጣ ሥራዬ የመሬት ሽቦን ከሳጥኑ ጋር ማሰር ነው። ስለዚህ ይህን ስጽፍ ስለማላውቀው ነገር አላወራም። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሽቦው በቀለም ላይ ከታሰረ ለዓይን የታሰረ ይመስላል እንጂ ብረቱን አልነካም። ዶላሞ ብሎኑን ከማሰሩ በፊት ከሥሩ ያለውን ቀለም ፍቋል ወይ? እርስዎ በጻፉልኝ ላይ ዝገቱን ፍቆ ቀባው እንጂ ቀለሙን ፋቀው የሚል የለም።

አሠራሩ ይህ ነው። ሽቦው የሚቀመጥበትን ቦታ ብቻ፣ በሽቦው ጫፍ ያለውን ጆሮ ያህል፣ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ መፋቅ። ከዚያ ጥርስ ያለውን ሮንዴላ፣ ቀለበቱን ማለቴ ነው፣ ከሥር አድርጎ የብሎኑን ዳዶ አጥብቆ ማሰር፤ ጥርሱ ብረቱን ይነክሳል። እንዳይዝግ ከላይ ግራሶ መቀባት። በሩም ለብቻው ይህ ሁሉ ያስፈልገዋል፤ ማጠፊያው ቀለም የተቀባ ስለሆነ ከሳጥኑ ጋር አይገናኝም። ይህ ካልሆነ አንድ ቀን ሽቦ ተልጦ ሳጥኑን ቢነካ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚሄድበት መንገድ የለውም። ሳጥኑ ላይ ሆኖ፣ ቀለሙ በተጫረበት ወይም በለቀቀበት ቦታ ሁሉ የሰው እጅ ይጠብቃል።

በፖስታው ውስጥ አራት ጥርሳም ሮንዴላዎች አስገብቻለሁ። ለዶላሞ ይስጡት። ካላመነም የእጅ ባትሪ አምፖልና ድንጋይ ወስዶ ይሞክር፤ አንዱን ሽቦ ከመሬቱ ሽቦ፣ ሌላውን ከሳጥኑ። ካበራ ተገናኝቷል፤ ካላበራ አልተገናኘም።

ልጅዎ፣
ተገኝ

ጂንካ፣ መጋቢት 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለተገኝ።

ሚካኤል ያኑርህ። ደብዳቤህ በአውሮፕላኑ መጥቶ ፖስታ ቤት አሥራ አምስት ቀን ተኝቶ ከረመ። ፎቶግራፉን በመስተዋት አስገጥሜ ሰቅያለሁ። ኸዲጃ ዱቄት የምትገዛ መስላ ገባችና አየችው። የዱቄት ባለቤት ዱቄት ልትገዛ! ደስ አለኝ።

ደብዳቤህ ግን ደስ አላሰኘኝም። አንተ ልጅ፣ ቀንተሃል። ጀርመን ድረስ ሄደህ በአንድ የሳጠራ አልጋ ትቀናለህ? እዚህ ሳለህ ያን አልጋ ቁንጫ አለው እያልክ ነበር የምታማርረው። የልጁን ሥራ ሳታየው ከዚያ ሆነህ ጎደሎ ነው አልክ። እኔ ቅናት ከሩቁ ይሸተኛል፤ ኸዲጃ አሥር ዓመት ሙሉ አስተምራኛለች።

ቢሆንም ቃልህን አልጣልኩም። አምፖሉን ሞክር አልኩት። ምክንያቱን አልነገርኩትም፤ «ተገኝ ከጀርመን እንዲህ እንዲህ አድርጉ ብሏል» አልኩት እንጂ ሥራህን ተጠራጥሯል አላልኩም። ዶላሞ ድንጋዩንና አምፖሉን አምጥቶ አንዱን ሽቦ ከቤት ጀርባ ካለው ብረት፣ ሌላውን ከብሎኑ አናት ጋር አገናኘ። አምፖሏ ቦግ አለች! እልል አልኩ። ለምሳው ዶሮ አረድኩለት። እንግዲህ ምን ትላለህ?

የላክልኝን አራት ቀለበቶች አልሰጠሁትም። «ሥራህ ጎደሎ ነው፣ ይኸው ማሟያው ከጀርመን መጣ» ብዬ እንዴት የልጁን ቅስም እሰብራለሁ? ደግሞ የሚያምሩ ናቸው፤ ዙሪያቸውን ጥርስ ጥርስ ሆነው ያብረቀርቃሉ። በጥቁር ክር ሰክቼ አንገቴ ላይ አሰርኳቸው። ከዲመካ ገበያ የመጡ የሐመር ልጆች አይተው በፍየል ካልለወጥንሽ ብለው ነበር። ኸዲጃማ ዓይኗ ከአንገቴ ሊነቀል ነው። «ብር ነው?» አለችኝ። «የጀርመን ነው» ብዬ አለፍኳት።

አሁን ከባዱን ልንገርህ። በጥር ወር የኸዲጃም ወፍጮ ተተከለ። ሳጥኗን የቀባው ማን ይመስልሃል? ዶላሞ! ሰማያዊ ቀባላት፤ በላዩም አበባ ሣለበት። ለእኔ አበባ አልሣለም። «እማማ፣ እርስዎ አበባ አላሉኝም» አለኝ። ሰነበትኩ ሳላነጋግረው። ገበያዬም ወደዚያ መሻገር ጀምሯል። ምክንያቱ ደግሞ አንዲት ገበያተኛ በባዶ እግሯ ቆማ ሳጥኔን ተደግፋ «ነዘረኝ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ነዘረን ይላሉ። በኸዲጃ ቤት ማንም ነዘረኝ አይልም። እንዴት ነው ነገሩ? አንድ ሰው የቀባው፣ አንድ መብራት የሚመጣለት ሳጥን ሆኖ የእኔው ብቻ የሚነዝረው? ዓይኗ ነው። አንገቴን ያየችበት ዓይን ሳጥኔ ላይ አርፏል።

ስለዚህ የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። የጀርመን ቀይ ቀለም ላክልኝ። የኸዲጃ ሰማያዊ ውኃ የተጨመረበት እስኪመስል ድረስ የሚያበራ ቀይ። ዶላሞ በአረንጓዴው ላይ ይደርብልኛል።

ውባንቺ

ካርል ማርክስ ሽታት፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ውባንቺ።

ሰላምታዬ ይቅደም። ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ነው ይህን የምጽፈው።

እሺ፣ ቀንቻለሁ። ካሉኝ በላይ ቀንቻለሁ። ዶሮ ስላረዱለት ቀንቻለሁ። ሲቆጡትም ቀንቻለሁ፤ እርስዎ የሚቆጡት የራስዎን ሰው ብቻ ነውና። እዚህ ምሳ ስበላ እሱ በእኔ ቦታ ተቀምጦ፣ በእኔ ሳሕን እየበላ ይታየኛል። ነገር ግን እትዬ፣ የእኔ ቅናት ሽቦውን አይለውጠውም። ቀለሙ ከብሎኑ ሥር ካለ፣ እኔ ብቀናም ባልቀናም አለ።

አምፖሏ የበራችው ብሎኑን ስለነካ ነው። ሽቦው የታሰረው ብሎኑ ላይ ስለሆነ ሽቦውን ከራሱ ጋር ነው ያገናኘው። መነካት ያለበት ሳጥኑ ነው፤ እሱም ከብሎኑ ርቆ፣ ቀለሙ ትንሽ ተጭሮ፣ ብረቱ ላይ። አንዳንዴ የብሎኑ ጥርስ ከቀዳዳው ጫፍ ጋር ተነካክቶ የተገናኘ ይመስላል፤ ወፍጮው ሲንቀጠቀጥ ይለቃል። ለዚህ ነው አንድ ቀን የሚነዝረው፣ አንድ ቀን የማይነዝረው።

የማንም ዓይን አይደለም። ዱቄት ባለበት አይጥ አለ፤ አይጥ ሽቦ ይበላል። ወይም ሌላ ነገር ሽቦውን ልጦታል። የሆነው ሆኖ ሳጥኑ ሲነዝር እየነገረዎት ነው። ዶላሞ እስኪያየው ወፍጮውን ያቁሙት። በእርጥብ እጅ፣ በባዶ እግር አይንኩት። ክረምት ሳይገባ ይሠራ።

ቀይ ቀለም አልልክም። ሳጥኑ የጎደለው ቀለም አይደለም፤ የበዛበት ቀለም ነው። ሮንዴላዎቹን ከአንገትዎ አውልቀው ለልጁ ይስጡት። ቅስሙ ቢሰበር ይጠገናል።

ተገኝ

ካርል ማርክስ ሽታት፣ ሰኔ 10 ቀን 1978 ዓ.ም.

እትዬ፣

ደብዳቤዬ ደርሶዎት ይሆን? ቀለም አልልክም ስላልኩ ተቀይመው ከሆነ ቂሙ ይቆይ፣ መልሱ ግን ይምጣልኝ። «ወፍጮው ቆሟል» ብቻ ብለው ይጻፉ። ሌላ ወሬ አልፈልግም። ስለ ዶላሞ የፈለጉትን ያህል ቢያሞግሱትም አልከፋም።

እዚህ የመሬት ሽቦ ባሰርኩ ቁጥር የእርስዎን እጅ ነው የማየው።

ተገኝ

ጂንካ፣ ሰኔ 28 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለተገኝ።

የእጅ ጽሑፉ ተለወጠብኝ ብለህ አትደንግጥ። በሕይወት አለሁ። የምናገረው እኔ ውባንቺ ነኝ፤ የሚጽፈው ዶላሞ ነው። ቀኝ እጄ በጨርቅ ተጠቅልሏል። የምለውን ሳይቀንስና ሳይጨምር እንዲጽፍ አስምዬዋለሁ።

የሚያዝያው ደብዳቤህ በግንቦት ደርሶኝ ነበር። «ቀይ ቀለም አልልክም» የምትለው ላይ ስደርስ ተናድጄ አጥፌ ከትራሴ ሥር አደረግሁት። ቅናቱ ቀለም እስከ መከልከል አደረሰው አልኩ። ለዶላሞም አላሳየሁትም።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ጸበል ቀድቼ መጣሁ። ሳጥኑ ያን ሰሞን ብሶበት ነበር፤ በሩን የሚነካ ሁሉ ይዘላል። ኸዲጃ ደግሞ ስለ ዓይኗ የማወራው ጆሮዋ ደርሶ ልትጣላኝ መጥታ ደጃፌ ላይ ቆማለች። «ውባንቺ፣ እኔ ነኝ ወፍጮሽን የበላሁት?» ትለኛለች። «ቆይ፣ አሁን እናያለን» አልኩና በፊቷ ጸበሉን ሳጥኑ ላይ ረጨሁ። ዓይኗ ሲለቅ እንድታየው ብዬ። ከዚያ በእርጥብ እጄ ቀለሙ የለቀቀውን የበሩን እጀታ ያዝኩ።

ያዝኩ ስልህ፣ እሱ ነው የያዘኝ። ልለቀው አልቻልኩም። ጩኸት አጣሁ። ጥርሴ ገጠመ። የወፍጮው ቤት ሰው ሁሉ እያየኝ ጸበሉ ነው የሚያንቀጠቅጣት ብሎ ቆመ፤ አንዳንዱም ማማተብ ጀመረ። ኸዲጃ ብቻ በሩን የምንደግፍበትን እንጨት አንሥታ ክንዴን መታችኝ። ደግማ መታችኝ። ወደቅሁ። ገበያው ላይ እስከ ዛሬ «ኸዲጃ ውባንቺን በቤቷ ገብታ ደበደበቻት» ይባላል።

ሐኪም ቤት እጄን አሰሩልኝ። የክንዴ ጥቁረት ከቃጠሎው ይበልጣል፤ አመታቷ የቆየ ቂም አለበት። በማግስቱ ሾርባ ይዛ መጣች። «እንጨት እንደሚያስፈልግ በምን አወቅሽ?» አልኳት። «የእኔም ይነዝረኛል። ከተተከለ ጀምሮ። እንጨት ከአጠገቤ አልለይም» አለችኝ። «ለምን አልተናገርሽም?» ስላት «ወፍጮዬ ይነዝራል ብዬ ገበያዬን ላንቺ ልስጥ? አንቺስ ለምን አልተናገርሽም?» አለች። ተያየን። እሷም ሾርባው ይቀዘቅዛል አለች።

ያን ቀን ደብዳቤዎችህን በሙሉ ለዶላሞ ሰጠሁት። አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብሎ አነበበ። አልጋውንም፣ ሚስማሩንም፣ ዶሮውንም፣ ሁሉን አነበበ። ሲጨርስ ተነሥቶ አምፖሉን ይዞ ሄደ። ከሳጥኑ ሥር ሰው በማያየው በኩል ቀለሙን ጫር አድርጎ ነካው፤ አምፖሏ አልበራችም። ተመልሶ መጥቶ «እማማ፣ ሊገድልዎት የነበረው ቀለሜ ነው» አለኝና አለቀሰ።

ከዚያ ሮንዴላዎቹን ጠየቀኝ። አንዱን ለሳጥኑ፣ አንዱን ለበሩ ሰጠሁት። ብረቱ እንደ አዲስ ሳንቲም እስኪያበራ ፋቀ፣ አጥብቆ አሰረ፣ በሩንም በለስላሳ ሽቦ ከሳጥኑ ጋር አገናኘው፣ ግራሶም ቀባው። አሁን አምፖሏ ሳጥኑን ሲነካም በሩን ሲነካም ትበራለች። መብራቱ ሲለቀቅ ግን ቫልቮላው ጧ ብሎ ተቃጠለ፤ ወፍጮው እምቢ አለ። እኔ ተበላሸ ብዬ ስጮህ ዶላሞ ሳቀ። «ይኸው፣ ተገኝ እንዳለው ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚሄድበትን መንገድ አገኘ» አለ። ከሳጥኑ ጀርባ ብንፈልግ አይጥ የላጠው ሽቦ ተገኘ። እሱ ከተቀየረ በኋላ ሳጥኑን በግንባሬ ብነካው አይነዝረኝም። ወፍጮ ቆሞብኝ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለቱ ሮንዴላዎች አንገቴ ላይ ቀሩ። ኸዲጃ ሾርባ ይዛ በመጣች ቁጥር ታያቸዋለች፤ ምን እንደሆኑ አሁን ታውቃለች፤ ግን አትለምነኝም። እኔም አልሰጥም። የልቤን ልንገርህ፤ የእሷ ሳጥን አንድ ወር እንኳ ቢነዝር ገበያው ሁሉ ወደ እኔ ይመለሳል ብዬ አስቤአለሁ። የሷን ሾርባ እየጠጣሁ ነው ይህን ያሰብኩት። ዶላሞ ይህን አልጽፍም ብሎኝ ነበር፣ ጻፍ ብዬዋለሁ።

ትናንት እንጨቷን በብብቷ ይዛ መጣች። ከቤቷ ስትወጣ ከእጇ ማውጣት ረስታ ነው። ክሩን በጥርሴ በጠስኩና ሁለቱን በመዳፏ አኖርኩላት። «ወፍጮሽ መንዘር ያቆመው ከውባንቺ አንገት በወጣ ቀለበት መሆኑን ለጠየቀሽ ሁሉ ትናገሪያለሽ» አልኳት። «እናገራለሁ። አንቺም በእንጨት ማን እንዳተረፈሽ ትናገሪያለሽ» አለችኝ። ተስማማን። ዶላሞ ዛሬ ጠዋት የሷንም አሰረ። አበባው ሳይነካ ነው የፋቀው፤ እሱ ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል።

አንተም ቀንተህ ነበር፣ ግን እውነቱን ነው የተናገርከው። እኔ ቅናቱን አይቼ እውነቱን ጣልኩት። አሁን ደስ ይበልህ፤ አልጋህ ባዶ ነው። ዶላሞ ደብዳቤዎችህን ካነበበ ጀምሮ እኔ ቤት አድሮ አያውቅም። ዝናብም ቢሆን፣ ቢመሽም ይሄዳል። እኔም ብቻዬን ነኝ።

እናትህ ውባንቺ

ወንድም ተገኝ፣ ይህን ደግሞ እኔ ዶላሞ ራሴ ነው የጨመርኩት። እማማ ተኝተዋል። ቀለም ስቀባ ብረቱን ከዝገት አዳንኩ ብዬ ነበር። ሰው እንደምጎዳ አላወቅሁም። አልጋው የማን እንደሆነም ሳልጠይቅ ነው የተኛሁት። ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ሸሚዝህን አላወረድኩም፣ እንዳለ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።

ካርል ማርክስ ሽታት፣ ነሐሴ 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለዶላሞ፣ ጂንካ፣ በወ/ሮ ውባንቺ ወፍጮ ቤት።

ሰላም ላንተ ይሁን። ይህ ደብዳቤ ለእትዬ አይደለም፤ ላንተ ነው። ለእሳቸው ሌላ ጽፌአለሁ፣ እጃቸውን እስኪሽር ውኃ እንዳያስነኩ፣ በኸዲጃ አበባም እንዳይቀኑ። ሁለተኛውን እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ።

የሚያምር የእጅ ጽሑፍ አለህ። ከእኔ ይበልጣል። ይህም አናዶኛል።

«አልጋህ ባዶ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ መጀመሪያ ደስ አለኝ። አልዋሽህም። ከጥቅምት ጀምሮ የፈለግሁት እሱን ነበር። ከዚያ ደብዳቤውን መልሼ ከላይ ጀምሮ አነበብኩት። እጃቸው ሳጥኑ ላይ ተጣብቆ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ያየበት ላይ ስደርስ፣ ይህ ሌላ ቀን፣ ሰው በሌለበት ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ። ቢወድቁ የሚሰማው ማን ነው? እኔ እዚህ ሆኜ አልሰማም። ባዶውም አልጋ አይሰማም።

ስለ ቀለሙ ራስህን አታሠቃይ። እኔም እዚህ በመጣሁ ሰሞን በቀለም ላይ አስሬ ኃላፊያችን ሁሉንም አስፈትቶኛል፤ ልዩነቱ የእኔን ያየው ሰው አጠገቤ መሆኑ ነው። በዚህ ፖስታ አንድ እፍኝ ሮንዴላ ልኬልሃለሁ። ያንተ ናቸው፤ ለእትዬ አንዱንም እንዳታሳያቸው፣ አንገታቸው ላይ ታገኘዋለህ። በጂንካ የቀባኸውን ሳጥን ሁሉ ዞረህ ፈትሽ። ከክረምት በኋላም ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቅ፣ አምፖሉንም ሞክር፤ ወፍጮ ሲንቀጠቀጥ ይላላሉ።

ሸሚዙን አውርደህ ልበሰው። ክረምቱ እስኪወጣ፣ ከዚያም በኋላ፣ እትዬ ቤት እደር። እማማ ብለህም ጥራቸው፤ ቃሉ እኔ ሳልጠቀምበት የቀረ ነው።

ስመጣ ግን ጠጋ ትልልኛለህ። የግድግዳው ወገን የእኔ ነው።

ወንድምህ፣
ተገኝ